«ቢራፍ ፖዘቲቭ» ማለት ካንሰሩ ኃይለኛ ነው ማለት ነው? (የእህቴ የታይሮይድ ውጤት)

ጤዛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ የሌላውን ጽሑፍ ሳነብ ብቻ ነው የቆየሁት። ዛሬ ግን የራሴን ልጽፍ ግድ ሆነብኝ።

ታላቅ እህቴ 38 ዓመቷ ነው። አንገቷ ላይ ከወጣው እብጠት በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ሆነ። ከአምስት ሳምንት በፊት ታይሮይዷ በሙሉ ወጣ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለፈ፤ ድምጿም አልተነካም። ትናንት የፓቶሎጂው ወረቀት ደርሷል ተብሎ እኔ ሄጄ ተቀበልኩላት። እብጠቱ 1.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ከታይሮይዱ አልፎ አልወጣም። ከተነሱት 6 ሊምፍ ኖዶች (የሰውነት መከላከያ ትንንሽ ዕጢዎች) በአንዱ ላይ ትንሽ ካንሰር ተገኝቷል። እስከዚህ ገባኝ። ከታች ግን ለብቻው «ቢራፍ ቪ600ኢ፦ ፖዘቲቭ» የሚል መስመር አለ። ወረቀቱን የሰጠኝ ሰው «ሐኪሟ ያስረዳችኋል» ብሎ ሸኘኝ። ቀጠሮዋ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።

ቤት ገብቼ ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ የሚያስፈራ ነው። «ኃይለኛ»፣ «ተመልሶ የሚመጣ»፣ «አዮዲን የማይሠራበት»። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም። ለእህቴ «ደህና ነው፣ ሐኪሙ ይነግርሻል» አልኳት። ዋሽቻት ይሆን?

እባካችሁ፣ ይህ ነገር ምን ማለት ነው? ደግሞስ በዘር የሚመጣ ከሆነ እኔም፣ ልጆቿም መመርመር አለብን?


ሁለተኛ_ዕድል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

አይዞሽ የኔ እህት። እኔ ቢራፍ ፖዘቲቭ ከተባልኩ ስምንት ዓመት አለፈኝ። በየዓመቱ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ አደርጋለሁ፤ እስካሁን ምንም የለም። ጠዋት በባዶ ሆዴ የሆርሞን ክኒኔን እውጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ነው። በርቺ።


ነቅቶ_ጠባቂ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ማስፈራራት አልወድም፤ ግን የደረሰብንን ልንገርሽ። የአባቴም ፓፒላሪ ነበር፤ ወረቀቱ ላይም ቢራፍ ፖዘቲቭ ይላል። «ቀላሉ ዓይነት ነው» ተባልን። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ አንገቱ ላይ፣ ከዚያ ሳንባው ላይ። የአዮዲን ሕክምና (የቀረውን የታይሮይድ ሴል በጨረር የሚገድለውን) ሦስት ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻው ስካን ሳንባው ላይ ያለው አዮዲኑን ጭራሽ አልተቀበለም። እኔ ብሆን ከፍተኛ መጠን ያለው አዮዲን አሁኑኑ ይሰጣት ብዬ ሐኪሙን እወተውት ነበር። ጊዜ አትስጡት።


ጤዛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

ነቅቶ ጠባቂ፣ በአባትህ የደረሰው አሳዝኖኛል። እግዚአብሔር ይማራቸው። እውነቱን ስለነገርከኝም አመሰግናለሁ። ግን አሁን የባሰ ፈራሁ።


ማይክሮስኮፕ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ጤዛ፣ ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው። የምሠራው ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የእህትሽን ስላይድ አላየሁም፣ ሐኪሟንም አልተካም። ያ መስመር ምን እንደሚል ግን ላስረዳሽ እችላለሁ።

ቢራፍ ሁላችንም ያለን ጂን ነው። ሥራው «እደግ፣ ተከፈል» የሚለውን መልእክት ወደ ሴሉ ውስጥ ማሳለፍ ነው። መልእክት ሲመጣ ይበራል፣ ሲያልቅ ይጠፋል። ቪ600ኢ ማለት ከጂኑ አንዲት ፊደል ተቀይራ፣ በፕሮቲኑ 600ኛ ቦታ ላይ ቫሊን መሆን ሲገባው ግሉታሚክ አሲድ ገብቷል ማለት ነው። በዚህች ለውጥ ብቻ ማብሪያው በርቶ ይቀራል። ሴሉ ማንም ሳያዘው ይከፋፈላል።

በካንሰር ውስጥ ይህ ለውጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ፓፒላሪ ላይ ሲፈለግ ደግሞ በጣም የተለመደ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 500 የሚጠጉ የፓፒላሪ ካንሰሮች ዘረመላቸው በዝርዝር ተጠንቶ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ይህ የቢራፍ ለውጥ ነበራቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። የፓፒላሪ ታማሚ አብዛኛው ታክሞ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው ያለው ነገር በራሱ የሞት ፍርድ ሊሆን አይችልም። ያው ጥናት ቢራፍ ያለባቸውን ካንሰሮች እንደ አንድ ዓይነት መቁጠር ስህተት መሆኑንም አሳይቷል። በውስጣቸው ቢያንስ አራት ንዑስ ዓይነቶች ተገኝተዋል።

ስትፈልጊ የሞት ቁጥርም አንብበሽ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከታተመው ጥናት የመጣ ይመስለኛል። በ7 አገሮች የታከሙ 1,849 ሰዎች የታዩበት ነው። ቢራፍ ካለባቸው 5.3 በመቶ፣ ከሌለባቸው 1.1 በመቶ በዚህ ካንሰር ሞተዋል። ብዙ ድረ ገጽ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ የጥናቱ ግማሽ ገና ይቀራልና። ካንሰሩ ወደ ሊምፍ ኖድ መሄዱ፣ ከታይሮይዱ ውጪ መውጣቱ፣ ሩቅ አካል መድረሱ አብሮ ሲሰላ ቢራፍ ለብቻው ከሞት ጋር የነበረው ግንኙነት ጎልቶ መታየቱን አቆመ። ስለዚህ አንቺን ካስፈራሽ መስመር በላይ ያሉት መስመሮች ይበልጥ ይናገራሉ። የእህትሽ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከታይሮይዷም አልወጣም።

ነቅቶ ጠባቂ ስለ አዮዲን የጻፈው መሠረት የሌለው አይደለም። የታይሮይድ ሴል አዮዲን የሚያስገባበት በር አለው። ቢራፍ ሁልጊዜ በርቶ ሲቀር ያ በር ይዳከማል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ይዘጋል። ግን ይህ «አሁኑኑ ብዙ አዮዲን ይሰጣት» ወደሚል አያደርስም። በር በተዘጋበት ሴል ላይ መጠን መጨመር ጥቅሙ ውስን ነው፤ የምራቅ ዕጢና ሌላውን አካል ግን ይጎዳል። አዮዲን ያስፈልጋታል ወይ የሚለው በመጠኑ፣ በሊምፍ ኖዱና ከኦፕራሲዮን በኋላ በሚወሰደው የታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሴሎች የሚያመርቱት ፕሮቲን) ደም ምርመራ ተደምሮ የሚወሰን ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሐኪሟን «ቴርት ታይቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሴል በተከፈለ ቁጥር የክሮሞሶሞቹ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈሉን ያቆማል። ቴርት ያንን ጫፍ መልሶ የሚያስረዝም ኢንዛይም የሚሠራበት ጂን ነው። በአዋቂ ሰው ውስጥ በአብዛኛው ሴል ተዘግቶ ይኖራል። የጂኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ላይ 228 እና 250 የሚባሉ ሁለት ነጥቦች አሉ። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ፊደል ሲቀየር ጂኑ ይከፈታል። ለምን እንደሚከፈት ሳነብ በጣም ነበር የገረመኝ። ለውጡ አዲስ ማረፊያ ይፈጥራል፤ እዚያ የሚያርፉት ደግሞ ራሱ ቢራፍ የሚቀሰቅሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ሴሉን ሩጥ ይለዋል፣ ሌላው ድካሙን ያጠፋለታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት 507 የፓፒላሪ ታማሚዎች ታይተዋል። ሁለቱም ለውጦች አብረው የተገኙት በ35ቱ ብቻ ነው። ከነዚህ 35 ሰዎች በ24ቱ ካንሰሩ ተመልሶ መጣ። ሁለቱም ከሌለባቸው 287 ሰዎች ግን የተመለሰባቸው 25 ናቸው። ልዩነቱን አየሽው? ቢራፍን ስታገኚ መጠየቅ ያለብሽ «ከማን ጋር ነው ያለው?» ብለሽ ነው።

ወረቀቱ ላይ ቴርት ካልተጠቀሰ ምናልባት አልተመረመረም ይሆናል። ከኦፕራሲዮኑ የተወሰደው ቁራጭ በሰም ተደርጎ ስለሚቀመጥ አሁንም ሊመረመር ይችላል። ለሁሉም ሰው የግድ ነው አልልም። በአንቺ ቦታ ብሆን ግን እጠይቅ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ቀላል ነው። ቢራፍ ቪ600ኢ በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ ብቻ፣ በሕይወት ዘመን የተፈጠረ ለውጥ ነው። እህትሽ ከእናት ከአባቷ አልወረሰችውም፤ ለልጆቿም አታወርሰውም። በሱ ምክንያት የምትመረመሩት ነገር የለም።


ጤዛ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ማይክሮስኮፕ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ አለቀስኩ። ተባረክ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፤ ቴርት የሚል ቃል የለበትም።


ሰባት_ሚሊ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የኔ 7 ሚሊ ሜትር ናት። በመርፌ ናሙናው ላይ ቢራፍ ተገኘ። አንዱ ሐኪም «እንከታተላት» አለኝ፣ ሌላው «ቢራፍ ስላለ ትውጣ» አለኝ። ሁለት ሐሳብ ሆኜ ተቀምጫለሁ።


ማይክሮስኮፕ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሰባት ሚሊ፣ ኮቤ በሚገኘው የጃፓኑ ኩማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ፓፒላሪዎችን ሳያወጡ በአልትራሳውንድ ይከታተላሉ። 1,235 ሰዎች ታይተው በ10 ዓመት ውስጥ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያደገባቸው 8 በመቶ ብቻ ናቸው። እዚያው ያደጉትና ያላደጉት ሲነጻጸሩ ቢራፍ በሁለቱም ወገን በብዛት ተገኝቷል። ስለዚህ በዚህ መጠን ላይ ቢራፍ የትኛዋ እንደምታድግ አይለይም። ይልቅ ያለችበትን ቦታ ጠይቅ። ወደ መተንፈሻ ቱቦ ወይም ወደ ድምፅ ነርቭ የተጠጋች ከሆነች ሁለተኛው ሐኪም ሌላ በቂ ምክንያት ይኖረዋል።


የሁለት_ልጆች_አባት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

«በዘር አይመጣም» የሚለውን አንብቦ ሁሉም የታይሮይድ ካንሰር እንደዚያ ነው ብሎ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ይህን ልጨምር። እኔ ያለብኝ ሜዱላሪ የሚባለው ነው። የሚነሳውም ካልሲቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ከሚያመርቱት የታይሮይድ ሴሎች ነው። ከአራት ታማሚዎች በአንዱ ላይ የሚወረስ ነው። የሚወረሰው ሬት በሚባል ጂን ነው (ስሙ ከመራራው ተክል ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም)። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ወላጅ ካለው ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ጂኑ የቱ ቦታ ላይ እንደተቀየረ ማወቅ ሁሉንም ነገር ይወስናል። ኤም918ቲ የሚባለው ከሆነ በጣም ኃይለኛ ነው። የሕፃኑ ታይሮይድ ገና በመጀመሪያው ዓመት እንዲወጣ ይመከራል። 634 በሚባለው ቦታ ከሆነ 5 ዓመት ሳይሞላው ይወጣል። አብዛኞቹ ሌሎች ቦታዎች ረጋ ያሉ ናቸው፤ በየጊዜው ካልሲቶኒን እየተለካ መጠበቅ ይቻላል። አንድ ጂን ነው፣ የፊደሏ ቦታ ግን የልጅን የኦፕራሲዮን ዕድሜ ትወስናለች።

የኔ 634 ነው። ሁለቱንም ልጆቼን አስመረመርኩ። ትልቁ ነፃ ነው። ትንሿ ወርሳዋለች። በአራት ዓመቷ ታይሮይዷ ወጣ። ሲመረመር ካንሰሩ ገና አልጀመረም ነበር። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክኒኗን ራሷ አስታውሳ ትወስዳለች። ለኔ ይህ ምርመራ በ40 ዓመቴ ነው የመጣልኝ፤ ለእሷ በጊዜ ደረሰ። ሜዱላሪ የተባለ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሬትን ሳታስመረምሩ አትቀመጡ።


ቁጥር_ወዳድ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ውርስ አንድ ነገር ብቻ። ፓፒላሪም ላይ በዘር የሚተላለፉ ጥቃቅን ልዩነቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ፣ በአይስላንድ በተጀመረ ጥናት በ9ኛውና በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ሁለት ቦታዎች ተገኙ። ሁለቱንም ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ምንም ካልወረሰው 5.7 እጥፍ ነው። ትልቅ ይመስላል፤ ግን በሽታው መጀመሪያውኑ ብርቅ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው። የሚናገረውም ስለ መያዝ ነው። ከተያዙ በኋላ ካንሰሩ ምን ያህል ኃይለኛ ይሆናል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ ይደባለቃሉ።

ሁለተኛ ዕድል፣ ስምንት ዓመትህ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። ግን ያንተም የነቅቶ ጠባቂም ታሪክ የአንድ የአንድ ሰው ነው። ጤዛ በሁለቱም እንዳትለካ።


ያልሆነው_ካንሰር
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡45

የኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ኤን-ራስ የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ተገኘብኝና ስፈራ ከረምኩ። ሲወጣ በሽፋኑ ተከብቦ የተቀመጠ፣ ወደ ውጭ ያልሰረገ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ድሮ ካንሰር ተብሎ ይጠራ ነበር። 109 እንዲህ ያለ እብጠት ያለባቸው ሰዎች ከ10 እስከ 26 ዓመት ተከታትለዋቸው አንዱም ላይ በሽታው አልተመለሰም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 «ካንሰር» የሚለው ቃል ከስሙ ተነሳ። የኔም ወረቀት ከዚያ በኋላ ስለመጣ ከአዮዲን ዳንኩ። የጂን ስም አይታችሁ ብቻ አትደምድሙ።


ነቅቶ_ጠባቂ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡10

ማይክሮስኮፕ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ የአባቴን ዶሴ ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን አገኘሁ። ከቢራፍ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ «ቴርት ሲ228ቲ፦ ተገኝቷል» ይላል። አባቴ በምርመራው ጊዜ 67 ዓመቱ ነበር፤ ካንሰሩም ከታይሮይዱ ውጪ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ይህን መስመር አላነሳልንም። እኛም አልጠየቅንም።

ጤዛ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የአባቴንና የእህትሽን አንድ አድርጌ አየሁት። አንድ አይደሉም።

ማይክሮስኮፕ፣ አሁን ለአባቴ የቀረ ነገር አለ? አዮዲኑ አይሠራም ተብለናል።


ማይክሮስኮፕ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ወንድሜ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅህ ነገር የለም። ያቺን ገጽ ማስረዳት የናንተ ሥራ አልነበረም።

አለ። ያው ቢራፍ እዚህ ላይ ጥቅም ይሰጣል። የበራውን ማብሪያ የሚያጠፉ ክኒኖች አሉ። ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ ተብለው አብረው ይሰጣሉ። እጅግ ከባድ በሆነው፣ አናፕላስቲክ በሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ላይ ሲሞከሩ በመጀመሪያው ሪፖርት ከ16 ታማሚዎች የ11ዱ ካንሰር በግልጽ ቀነሰ። አናፕላስቲክ ማለት ቀድሞ አብዛኛውን ሰው በወራት ውስጥ የሚወስድ ነበር። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ቢራፍ ላለባቸው የአናፕላስቲክ ታማሚዎች በአሜሪካ ተፈቀዱ።

ሌላም መንገድ አለ። የተዘጋውን የአዮዲን በር መልሶ መክፈት። እ.ኤ.አ. በ2013 የዚህን መልእክት መስመር የሚዘጋ ሌላ መድኃኒት ለ20 ሰዎች ተሰጥቶ ነበር። በ12ቱ ካንሰሩ አዮዲን መቀበል ጨመረ፤ ስምንቱ ለሕክምና የሚበቃ ያህል ተቀበሉ። ቢራፍ ባለባቸው ላይ ውጤቱ ኤን-ራስ ካላቸው ያነሰ ነበር፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ቢራፍ ከሌለ ደግሞ ሬት ወይም ኤንቲአርኬ የተባሉት ጂኖች ከሌላ ጂን ጋር ተጣብቀው ሊገኙ ይችላሉ፤ ለነሱም የራሳቸው ክኒኖች አሉ።

ክኒኖቹ ትኩሳት፣ ድካም፣ የቆዳ ችግር ያመጣሉ። ልብም ላይ ክትትል ይፈልጋሉ። አባትህ የሚስማማቸው መሆኑን የካንሰር ሐኪም ነው የሚወስነው። ዶሴውን ይዘህ ሂድ። ሁለቱንም ገጾች።


ጤዛ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡30 (ከቀጠሮው በኋላ)

ከሐኪሟ ዘንድ ተመልሰን ነው። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን አሳየኋት። ዝም ብላ አነበበችው። ከዚያ «ዘጠኝ ቀን ብቻሽን ተሸከምሽው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ሐኪሟ ቴርት እንዳልታየ አረጋገጠና ከሰሙ ውስጥ ተቆርጦ እንዲመረመር ላከው። «ጥያቄው ጥሩ ነው» አለ። የታይሮግሎቡሊኗ መጠን በጣም ዝቅተኛ ነው። ለጊዜው አዮዲን አይሰጣትም፤ ቴርት ሲመጣ እንደገና እንነጋገራለን ተባለ። ለልጆቿ ምንም ምርመራ አያስፈልግም።


ጤዛ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15 (ከአራት ሳምንት በኋላ)

መጣ። ቴርት፦ አልተገኘም። በስድስት ወር አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

ነቅቶ ጠባቂ፣ አባትህ እንዴት ናቸው?


ነቅቶ_ጠባቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እልል! ስለ እህትሽ ደስ ብሎኛል። አባቴ ሁለቱን ክኒኖች ከጀመረ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ነበረው፣ በረደለት። ስካኑ ገና ነው። ትናንት ማታ ግን ሳያስል አደረ። በሩ ላይ ቆሜ ስሰማው ነበር።